ፓርኪንሰን ስለ ሆድም ጽፎ ነበር

እዚህ ሲያትል፣ ኦቴሎ አካባቢ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አባት ሲያጋጥሙን እርጅና ነው ብለን እናልፋለን። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ የለንደን ሐኪም ግን እንዲህ ያለ ሰው መንገድ ላይ ሲያይ ዝም ብሎ አላለፈም።

ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ሆክስተን በተባለ የለንደን ሰፈር ተወለደ። የአባቱን የሕክምና ሙያ ወርሶ እዚያው ሰፈር ሠራ። ጭምት ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ ተራው ሕዝብም የመምረጥ መብት ይገባዋል እያለ በብዕር ስም ይጽፍ ነበር። በ1794 ንጉሡን ለመግደል ተዶልቷል በተባለ ጉዳይ የመንግሥት አማካሪዎች ፊት ቀርቦ ተጠይቋል። በኋላም ስለ ቅሪተ አካል ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ።

ስሙን ያስጠራው ግን በ1817 ያወጣው ትንሽ መጽሐፍ ነው። ስለ ስድስት ሕሙማን ጻፈ፤ አንዳንዶቹን ያገኛቸው መንገድ ላይ ነበር። መንቀጥቀጡን፣ መጉበጡን፣ እየተጣደፉ መራመዱን መዘገበ። እኔን የሶፍትዌር ባለሙያውን የገረመኝ የሆድ ድርቀታቸውንም አለመዝለሉ ነው። በኛ ሥራ እንደምናየው፣ ከችግሩ ጋር የማይገናኝ የሚመስል መረጃ ዋናው ፍንጭ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ፓርኪንሰን በ1824 ሞተ። በሽታው በስሙ እንዲጠራ ያደረገው ከብዙ ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ ነው። በ1997 ደግሞ አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ እንደሚከማች ታወቀ። ይኸው ፕሮቲን በአንጀት ነርቮችም ውስጥ አለ። በ2003 ጀርመናዊው ሃይኮ ብራክና ባልደረቦቹ በሽታው ከአንጀት ተነስቶ፣ አንጀትን ከአንጎል በሚያገናኘው ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ሊወጣ ይችላል የሚል መላምት አቀረቡ። ይህ በሁሉም ሕሙማን ላይ አይታይም የሚሉ ተመራማሪዎች ስላሉ ክርክሩ ገና አልተቋጨም። ሆኖም የሆድ ድርቀቱ ከመንቀጥቀጡ ብዙ ዓመት ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል ዛሬ ይታወቃል።

ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን? ሐኪም ቤት ለእናት ለአባቶቻችን ብዙ ጊዜ የምናስተረጉመው እኛው ነን። እነሱ ስለ ሆዳቸው ለልጅ ማውራት ነውር ይመስላቸዋል፤ እኛም አፍረን እንዘለዋለን። የሆድ ድርቀት ብቻውን ፓርኪንሰን ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ነገር ግን እጅ መንቀጥቀጥ፣ እርምጃ መዝገም፣ ሽታ አለመለየት ወይም በእንቅልፍ ልብ እየጮኹ መወራጨት ከተጨመረበት፣ ሁሉንም ባንድ ላይ ለሐኪሙ እንንገር። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ባይኖርም ምልክቶቹን የሚያቀል አለ። አገር ቤት ስንደውልም ደህና ናችሁ ወይ ብለን አንብቃ፤ ስለ ሆዳቸውም እንጠይቃቸው።