ጄምስ ብሩስና መጽሐፈ ሔኖክ

ጄምስ ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ አገር ኪኔርድ በሚባል ርስት ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ከሠራ በኋላ የዓባይን ምንጭ ለማየት ተመኝቶ በመስከረም 1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በየካቲት 1770 ጐንደር ገባ። በዚያ ወራት ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና በቍስቋም የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ ሰቦች ስላከመ በቤተ መንግሥት ባለሟልነትን አገኘ፤ ስሙንም ያዕቆብ አሉት። በዚያው ዓመት በኅዳር መጀመሪያ ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አየ። ፊተኛው እኔ ነኝ ብሎ መመካቱ ግን ከንቱ ነው፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶታልና።

ለእኛ ከዓባይ ይልቅ የሚነካን ሌላ ነገር ነው። ልጆቻችን ዛሬ ሔኖክ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር ውጭ ነው ሲባል ይሰማሉ። በአውሮፓ ይህ መጽሐፍ ከጥቂት የጽርእ ቍራጭ በቀር ለብዙ መቶ ዓመት ጠፍቶ ነበር። ፔይሬስክ የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ከብሩስ አስቀድሞ ሔኖክ ነው የተባለ የግእዝ መጽሐፍ አስመጥቶ ነበር፤ ሉዶልፍ በኋላ ቢመረምረው ሌላ መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። ብሩስ ግን ወደ አገሩ ሲመለስ እውነተኛውን ሔኖክ በሦስት ቅጂ ይዞ ገባ።

የመመለሻው መንገድ በዚህ በእኛ ቆላ ነበረ። በታኅሣሥ 1771 ከጐንደር ወጥቶ በመተማ አጠገብ ወዳለው ወደ ራስ ኤል ፊል ወረደ፤ በዚያም ታሞ ቈይቶ በመጋቢት 1772 ወደ ስናር ጕዞ ጀመረ፤ የኑብያንም ምድረ በዳ በጥምና በድካም አልፎ በዓመቱ መጨረሻ አስዋን ደረሰ። የቆላውን ንዳድ የአብደራፊ ሰው ያውቀዋልና ማብዛት አያስፈልግም። ከሦስቱ ቅጂ አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 15ኛ፣ አንዱ ለኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ፤ አንዱን ለራሱ አስቀረ።

የሚያስገርመው ግን ተሸካሚው ራሱ መጽሐፉን አለማክበሩ ነው። በ1790 ባሳተመው የጕዞ ታሪኩ የግኖስቲኮች ተረት አድርጎ ነቀፈው። ቢንቀውም ግን የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከመጽሐፈ ኢዮብ በፊት አድርገው ከብሉያት ጋራ እንደሚቈጥሩት ሳይሸሽግ መዘገበ። ምስክርነቱ የሚታመነውም ስለዚህ ነው፤ ወዳጅ ሆኖ አልመሰከረምና።

የነቀፋው ሥር ከብሩስ ይርቃል። ጠርጡልያኖስ ሔኖክን ይቀበለው ነበር፤ አውግስጢኖስ ግን ዘመኑ እጅግ የራቀ ስለ ሆነ የሔኖክ ቃል መሆኑ አይታመንም ብሎ ተወው። ሄሮኒሞስም የይሁዳ መልእክት እንኳ ሔኖክን ስለ ጠቀሰ በብዙዎች ዘንድ እንደ ተነቀፈ ጽፏል። ራእይ ስውር ነውና ከቍጥር ይውጣ ከተባለ ደግሞ የዮሐንስ ራእይም በምሥራቅ ብዙ ዘመን ተጠርጥሮ ነበር፤ እርሱን የተቀበለ ሰው በዚህ ምክንያት ሔኖክን ሊጥል አይችልም። ቅዱስ ጳውሎስም የአሕዛብን ባለቅኔዎች ጠቅሷል፤ መጠቀስ ብቻውን መጽሐፍን ቅዱስ አያደርግም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ቅዱስ ይሁዳ ሔኖክን የጠራው እንደ ባለቅኔ ሳይሆን እንደ ነቢይ ነው። ይሁዳን ተቀብሎ ምስክሩን መጣል ለእኔ አይገባኝም። አባቶቻችን ሁለቱንም ተቀብለው ከ81ዱ ቈጠሯቸው፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም በ15ኛው መቶ ዓመት በመጽሐፈ ሚላድ ስለ ክርስቶስ ሲከራከሩ ሔኖክን ምስክር አድርገው ጠርተውታል።

ብሩስ በሚያዝያ 1794 በገዛ ቤቱ እንግዳ ሲሸኝ ከደረጃ ወድቆ ሞተ። ከሞተ በኋላ ሎውረንስ የኦክስፎርዱን ቅጂ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው። በ1952ም በቁምራን 4ኛው ዋሻ በአራማይክ የተጻፉ የሔኖክ ቍራጮች ተገኙ፤ ከመካከላቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉ አሉ። የሰው ልጅ በዙፋን ተቀምጦ እንዲፈርድ የሚናገረው ክፍል ግን በዚያ አልተገኘም፤ እርሱን ጠብቆ ያቈየ ግእዝ ብቻ ነው።