ዶክተር ቻርልስ ድሩ እና የተለገሰ ደምን ጠብቆ የማቆየት ሥራ

ደም ለመለገስ ወይም ለታመመ ቤተሰባቸው ደም ለመጠየቅ ወደ ደም ባንክ የሚመጡ ተገልጋዮች በእያንዳንዱ የደም ከረጢት ላይ የደሙን ዓይነት፣ ደሙ የተቀዳበትን ቀንና የአገልግሎት ማብቂያውን ቀን ተጽፎ ያገኛሉ። ይህ የማብቂያ ቀን ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ደም ከሰው አካል ከወጣ በኋላ በምን ሁኔታና ለምን ያህል ጊዜ ሊቆይ እንደሚችል ለማወቅ የሕክምናው ሙያ ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። በዚህ ሥራ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ባለሙያዎች አንዱ አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ቻርልስ ሪቻርድ ድሩ ናቸው። ስለ እርሳቸው የሚነገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም። ያላደረጉት ተደርጎ፣ ያልደረሰባቸውም እንደ ደረሰባቸው ሆኖ ሲነገር ብዙ ዘመን ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ድሩ በጁን 3 ቀን 1904 በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ተወለዱ። አባታቸው ምንጣፍ በማንጠፍ ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ በመምህርነት የሠለጠኑ ነበሩ። የጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ይማሩበት በነበረውና በትምህርት ጥራቱ በታወቀው በደንባር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1922 አጠናቀቁ። በወጣትነታቸው ስማቸውን ያስጠራው ትምህርታቸው ሳይሆን ስፖርት ነበር። በማሳቹሴትስ ወደሚገኘው አምኸርስት ኮሌጅ የገቡትም በስፖርት ችሎታቸው ባገኙት ድጋፍ ሲሆን፣ በአሜሪካ እግር ኳስና በሩጫ የኮሌጁ ዝነኛ ተወዳዳሪ ሆኑ። በ1920 እህታቸው በሳንባ ነቀርሳና በኢንፍሉዌንዛ ሕይወቷ አልፎ ነበር። ይህ ሐዘን ልባቸውን ወደ ሕክምና ካዘነበሉት ምክንያቶች አንዱ እንደ ሆነ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ያነሣሉ።

በ1926 ከኮሌጅ ሲመረቁ ሐኪም ለመሆን የቆረጡ ቢሆንም ለትምህርቱ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ በባልቲሞር ከተማ በሞርጋን ኮሌጅ የስፖርት ኃላፊና የሥነ ሕይወትና የኬሚስትሪ መምህር ሆነው ሁለት ዓመት ሠሩ፤ ገንዘብም አጠራቀሙ። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪዎችን አይቀበሉም ነበር፤ የሚቀበሉትም እጅግ ጥቂቶችን ብቻ ነው። ድሩ ድንበር ተሻግረው በካናዳ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1933 የተመረቁት ከ137 ተማሪዎች ሁለተኛ ወጥተው ነው። የደም ነገር ያሳሰባቸውም እዚያው ነበር። እንግሊዛዊው መምህራቸው ጆን ቢቲ ደም ስለ መስጠት ያጠኑ ነበርና በመምህሩና በተማሪው መካከል ለዓመታት የዘለቀ ወዳጅነት ተመሠረተ። ይህ ወዳጅነት ኋላ በጦርነት ጊዜ ምን እንዳስከተለ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል ይገባል። ድሩ የደም ባንክን የፈጠሩ ሰው ተደርገው በልዩ ልዩ ጽሑፎች ይቀርባሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የደም ዓይነቶችን በ1901 ለዓለም ያሳወቁት ኦስትሪያዊው ካርል ላንድሽታይነር ናቸው። ሶዲየም ሲትሬት የተባለው ጨው ደም እንዳይረጋ እንደሚያደርግና ለታማሚ በሚሰጥ ደም ላይ ሊውል እንደሚችል የታወቀው በ1914 ገደማ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኦስዋልድ ሮበርትሰን የተባሉ ሐኪም በምዕራብ አውሮፓ ግንባር ደም በጠርሙስ አስቀድመው አከማችተው ለቁስለኞች ሰጥተዋል። በሶቪየት ኅብረትና በእርስ በርስ ጦርነት ላይ በነበረችው ስፔንም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። በአሜሪካ በ1937 በቺካጎ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የደም ማከማቻ ያቋቋሙትና ደም ባንክ የሚለውን ስያሜ ያወጡት በርናርድ ፋንተስ ነበሩ። እንግዲህ ድሩ የደረሱበት የሥራ መስክ ብዙ ሰዎች የዘሩበት ነበር። የጎደለው ሁሉንም በአንድነት መርምሮ፣ የሚሠራውን ከማይሠራው ለይቶ፣ ማንኛውም ሆስፒታል ሊከተለው የሚችል ሥርዓት የሚያበጅ ሰው ነው።

በ1935 አባታቸው ሲሞቱ ድሩ ወደ ዋሽንግተን ተመልሰው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በ1938 ከሮክፌለር ተቋም በተገኘ የትምህርት ዕድል ወደ ኒውዮርክ ሄደው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና በፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል ከዶክተር ጆን ስከደር ጋር ይሠሩ ጀመር። ዋናው ጥያቄያቸው በአጭሩ ሲነገር ደም ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ እንዴት ይበላሻል የሚል ነበር።

ቀይ የደም ሕዋሳት በውስጣቸው ፖታሲየም በብዛት ይይዛሉ። ደሙ ሲቆይ ይህ ፖታሲየም ከሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ሾልኮ ወደ ፈሳሹ ይገባል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ለታማሚው ልብ አደገኛ ይሆናል። ሕዋሳቱ ራሳቸው እየፈነዱ ፈሳሹን ያቀሉታል። ድሩና ባልደረቦቻቸው የለውጡን ፍጥነት በየቀኑ እየለኩ መዘገቡ። የሙቀቱ መጠን፣ ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ንጥረ ነገር ዓይነትና መጠን፣ በማጓጓዝ ጊዜ የሚደርሰው መናወጥ፣ የጠርሙሱ ቅርጽ እንኳ ሳይቀር በተራ ተፈተነ። በኦገስት 1939 በፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል የሙከራ ደም ባንክ ከፈቱ። በዚያን ጊዜ በነበረው ዘዴ ሙሉ ደም በደኅና የሚቆየው ለአንድ ሳምንት ያህል ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ ዛሬ በተሻሻለ መጠበቂያ ፈሳሽ የተቀዳ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 35 ቀን ይቆያል፤ ፕላትሌት የተባለው የደም ክፍል ግን አሁንም በአብዛኛው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ብቻ ይቆያል። ተገልጋዮች ደም ባንኩ ባለፈው ወር ብዙ ደም ሰብስቦ ሳለ ለምን ዛሬ እጥረት አለ ብለው ሲጠይቁ መልሱ በአብዛኛው እነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ይገኛል። ደም እንደ መድኃኒት ለዓመት አይከማችም።

በዚያው በ1939 ድሩ በአትላንታ በአንድ የሴቶች ኮሌጅ የቤት አያያዝ ትምህርት መምህርት ከነበሩት ከሌኖር ሮቢንስ ጋር ተጋቡ። ለመጀመሪያ ልጃቸው የቤት ስም ያወጡላት ደም ባንክ የሚለው ስያሜ በእንግሊዝኛ ከሚጀምርባቸው ሁለት ፊደላት በመነሣት ነበር። ሥራው ቤታቸው ድረስ ተከትሏቸው ነበር ማለት ነው። በ1940 ስለ ደም አጠባበቅ የጻፉትን ሰፊ የጥናት ጽሑፍ አቅርበው ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ሳይንስ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። በዚህ ማዕረግ የተመረቁ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እርሳቸው ናቸው።

ጥናቱ ከወረቀት ወጥቶ የሚፈተንበት ጊዜ ፈጥኖ መጣ። በ1940 በጋ ጀርመን ብሪታንያን በአውሮፕላን ትደበድብ ነበር። ቁስለኛው በዛ፤ ደም አነሰ። ሙሉ ደም በመርከብ አትላንቲክን ተሻግሮ በደኅና ይደርሳል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ፕላዝማ ግን ይችላል። ፕላዝማ ቀይ ሕዋሳቱ ከተለዩ በኋላ የሚቀረው፣ ከደሙ መጠን ከግማሽ በላይ የሆነው ቢጫማ ፈሳሽ ነው። ከቀይ ሕዋሳት ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የብዙ ሰው ፕላዝማ ሲቀላቀልም የደም ዓይነት ሳይመረጥ ለቁስለኛ ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚሞተው የደም ሥሮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አንሶ የደም ግፊቱ ሲወድቅ በመሆኑ ፕላዝማ ጊዜ ይገዛለታል።

በኒውዮርክ ለብሪታንያ ፕላዝማ የሚሰበስብ ፕሮግራም ሲቋቋም ከብሪታንያ በኩል በጉዳዩ ላይ ከነበሩት ሰዎች አንዱ የቀድሞው መምህር ጆን ቢቲ ነበሩ። ድሩ በሴፕቴምበር 1940 የፕሮግራሙ የሕክምና ኃላፊ ሆኑ። ትልቁ ችግር ብክለት ነበር። ልዩ ልዩ ሆስፒታሎች በየራሳቸው ዘዴ ያዘጋጁት ፕላዝማ አንድ ላይ ሲቀላቀል በአንዱ ጠርሙስ የገባ ባክቴሪያ የሌላውን ሁሉ ያበላሸዋል። ድሩ ሁሉም ሆስፒታሎች አንድ ዓይነት መሣሪያና አንድ ዓይነት አሠራር እንዲከተሉ አደረጉ፤ ፕላዝማው ከመላኩ በፊትም በተደጋጋሚ ለባክቴሪያ እንዲመረመር ደነገጉ። አሠራርን አንድ ማድረግ ለአንባቢ ደረቅ የቢሮ ሥራ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚያ ክረምት በለንደን ፍርስራሽ ሥር ለተገኘ ቁስለኛ የተላከለት ጠርሙስ መድኃኒት ወይም መርዝ መሆኑን የሚወስነው ይኸው ነበር። ፕሮግራሙ በጃንዋሪ 1941 ሲጠናቀቅ ከ14 ሺህ 500 በላይ ልገሳዎች ተሰብስበው፣ ከ5 ሺህ ሊትር በላይ የፕላዝማ ፈሳሽ ተልኮ ነበር።

ከዚያም የአሜሪካ ቀይ መስቀል ለአገሪቱ ጦር ደረቅ ፕላዝማ በብዛት ለማምረት በጀመረው የሙከራ ፕሮግራም ድሩ ረዳት ዳይሬክተር ሆኑ። ለጋሹ ወደ ሆስፒታል እንዲመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ተሽከርካሪ ወደ ለጋሹ የሚሄድበት አሠራር በዚያ ወቅት ተጀመረ። ዛሬ በየአደባባዩና በየመሥሪያ ቤቱ ደም የሚሰበስቡ ተንቀሳቃሽ ቡድኖች የዚሁ አሠራር ተከታዮች ናቸው።

በኤፕሪል 1941 ድሩ ሥራውን ለቀው ወደ ሃዋርድ ተመለሱ። ብዙዎች የለቀቁት የዘር መድልዎን በመቃወም ነው ይላሉ። የቀኑ ቅደም ተከተል ይህን አይደግፍም። ቀይ መስቀል ጥቁር አሜሪካውያን ለጋሾችን እንደማይቀበል ያሳወቀው በኖቬምበር 1941፣ እርሳቸው ከለቀቁ ከወራት በኋላ ነው። በጃንዋሪ 1942 ውሳኔው ተሻሽሎ ጥቁሮች እንዲለግሱ ቢፈቀድም ደማቸው ከነጮች ደም ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደረገ። አሠራሩን የዘረጉት ሰው ደማቸውን ቢሰጡ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ድሩ ይህን በአደባባይ ነቀፉ፤ የአንድን ዘር ደም ከሌላው ለመለየት የሚያበቃ አንዳችም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለ አስረዱ። ለታማሚው የሚያሰጋው የደም ዓይነት አለመስማማትና በደም የሚተላለፍ በሽታ እንጂ የለጋሹ ቆዳ አይደለም።

የቀሩትን ዘጠኝ ዓመታት በሃዋርድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆነው አሳለፉ። በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ቦርድ ማረጋገጫ ከሰጣቸው ጥቁር ሐኪሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእርሳቸው ሠልጣኞች ነበሩ። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከፕላዝማው ሥራ ይልቅ እርሳቸው ራሳቸው የሚኮሩበት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ዝና ካገኙበት ከተማ ወጥተው ወደ ማስተማር የተመለሱት በፈቃዳቸው ነውና። በ1944 ጥቁር አሜሪካውያን ለላቀ ሥራ የሚሸለሙትን የስፒንጋርን ሜዳሊያ ተቀበሉ። የዋሽንግተን የሐኪሞች ማኅበር ግን ጥቁሮችን በአባልነት አይቀበልም ነበርና እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተቀበላቸውም።

ኤፕሪል 1 ቀን 1950 ንጋት ላይ ከሦስት ሐኪሞች ጋር በአላባማ በቱስኬጊ በየዓመቱ ወደሚደረገው ነጻ የሕክምና አገልግሎት በመኪና ሲጓዙ፣ ሰሜን ካሮላይና በርሊንግተን አጠገብ መሪውን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸውና መኪናው ተገለበጠ። ዕድሜያቸው 45 ነበር። የነጮች ሆስፒታል ጥቁር በመሆናቸው ደም ከልክሏቸው ሞቱ የሚለው ወሬ ወዲያው ተነሣ፤ ዛሬም አልጠፋም። አብረዋቸው ከነበሩት ሐኪሞች የተገኘው ምስክርነት ሌላ ነው። በአላማንስ ሆስፒታል የነበሩ ነጭ ሐኪሞች ሊያድኗቸው የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ጉዳቱ ግን ከሕክምና አቅም በላይ ነበር። ወሬው በቀላሉ የታመነው በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ለብዙ ጥቁር ቁስለኞች የሆስፒታል በር በእርግጥ ይዘጋባቸው ስለ ነበር ነው።

ቀይ መስቀል የለጋሽን ዘር በደም ላይ መመዝገብ የተወው በዚያው በ1950 ነው። በአንዳንድ የደቡብ ግዛቶች ደምን በዘር መለየቱ ከዚያ በኋላም ቀጥሎ፣ በአርካንሳስ እስከ 1969፣ በሉዊዚያና ደግሞ እስከ 1972 በሕግ ጸንቶ ቆይቷል።