የዝሆን ጥርሱ ክፍል ጌታ፦ ዳግማዊ አጼ ኢያሱ

እዚህ አትላንታ፣ አንድ የጥንት ዕቃ መሸጫ ውስጥ፣ ከጣልያን የመጣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለመሳቢያ ቁም ሣጥን ፊት ለፊት ብዙ ቆምኩ። ስስ እንጨትና የዝሆን ጥርስ በቀጭን መጋዝ ተቆርጦ፣ በሙጫ ተጣብቆ፣ አበባና ሐረግ ሆኗል። መጋጠሚያው ጥፍር አያስገባም። መሐንዲስ ነኝና መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ልኩ ነበር፤ ቀጥሎ ትዝ ያለኝ ግን ጎንደር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1730 በቱሪን ካርሎ ኢማኑኤሌ 3ኛ፣ በጎንደር ደግሞ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ የነበሩት ኢያሱ ነገሡ። የቱሪኑ ንጉሥ በማግሥቱ ዓመት ፒየትሮ ፒፌቲን የቤተ መንግሥቱ አናጢ አድርጎ ሾመው፤ የፒፌቲ የዝሆን ጥርስ፣ የዛጎልና የኤሊ ቅርፊት ሥራዎች እስከ ዛሬ በቱሪን ይታያሉ። የእኛው ንጉሥ ግን አባታቸውን አጼ በካፋን ገና በልጅነታቸው አጥተው፣ አገሩን የሚያስተዳድሩት እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ነበሩ። በ1732 አማፅያን ግቢውን ሲከቡ ልጁ ንጉሥ ከውስጥ ነበሩ።

ካደጉ በኋላ ልባቸው ወደ አደንና ወደ ግንባታ አደላ። በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ከሰምርኔስ (የዛሬዋ ኢዝሚር) የመጡ ግሪካውያን አንጥረኞችን ቀጥረው የግብር ክፍላቸውን አስጌጡ። የግድግዳው ግርጌ በዝሆን ጥርስ ተለበጠ፤ ከላዩ በወርቅ በተለበጠ ክፈፍ የቬኒስ መስተዋቶች ተሰቀሉ። ጣሪያውን የሠሩት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው፤ ሸምበቆ ሰንጥቀው፣ ቀለም ነክረው፣ ቁራጩን ከቁራጭ እያጋጠሙ ሥዕል አወጡበት። ያየሁት የጣልያን ሣጥን ጥበብና ይህ ጣሪያ፣ በእኔ ግምት፣ የአንድ ሙያ ሁለት ልጆች ናቸው። የግሪኮቹ ስም ሲነሳ የሸምበቆው ባለሙያዎች መረሳታቸው ይቆጨኛል። ንጉሡ ባለቀለም ከዋክብት የተነቀሱበት ሌላ የዝሆን ጥርስ ክፍልም አስጀምረው ነበር።

ጎንደር ደግሞ ሽሙጥ መቼ ይቸግራታል! አያታቸው ታላቁ ኢያሱ ዘማች ነበሩ፤ የልጅ ልጁ ከአንዱ እልፍኝ ወደ ሌላው ግቢ መመላለሳቸው እንደ ዘመቻ እየተቆጠረ የሚያፌዝ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ብሩስ እንደሚለው ንጉሡን ወደ ስናር ያዘመታቸው ይህ ነው። በ1744 በድንድር ወንዝ አካባቢ ሠራዊቱ ክፉኛ ተመታ። አብሮ የዘመተው ኩርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል ሳይቀር ተማረከ፤ በኋላ በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ ሲመለስ ጎንደር በደስታ ተቀበለው። (በ1868 ከመቅደላ ዳግመኛ ተወሰደ፤ ያኔ የሚዋጀው አልተገኘም።)

ኢያሱ በ1755፣ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው፣ አረፉ። ባለከዋክብቱ ክፍል ሳያልቅ ቀረ። ብሩስ ጎንደር ሲገባ ጌጡ መፈራረስ ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ ፋሲል ግቢ የሚሄድ ሰው የሚያየው ድንጋዩን ነው። ልጃቸውን በ18 ዓመት፣ የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስንም በ4 ዓመት በሕይወት የበለጡት ምንትዋብ በ1773 አረፉ። የሦስቱም አጽም ቁስቋም ነው፤ ለሚጎበኝ ሰው በመስተዋት ክዳን ሥር ያሳዩታል።