ኤድዊን አርምስትሮንግ እና ከአንድ ባንድ የታሰረው ሬዲዮ
ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1890 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ፤ በ1913 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቀ። በተማሪነቱ የሠራው ሪጀነሬቲቭ ሰርኪዩት ከሊ ደ ፎረስት ጋር ለረጅም ዓመታት በፍርድ ቤት አሟግቶት፣ በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለደ ፎረስት ፈረደ።

ለዛሬው በሶፍትዌር የሚበየን ሬዲዮ ይበልጥ የሚቀርበው ሥራው በ1918 በፓሪስ የጦር ሠራዊት የመገናኛ መኮንን ሳለ የፈጠረው ሱፐርሄትሮዳይን ተቀባይ ነው። የዘመኑ የቫኩም ቱቦዎች ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ደካማ ምልክቶች ማጉላት ይሳናቸው ነበር። አርምስትሮንግ ገቢውን ምልክት ተቀባዩ ራሱ ከሚያመነጨው ሞገድ ጋር አደባልቆ ወደ ቋሚና ዝቅተኛ ድግግሞሽ አወረደው፤ ማጉላቱም ማጣራቱም በዚያ ደረጃ ተከናወነ። በርካታ የዛሬ ሶፍትዌር ሬዲዮዎችም ምልክቱን ወደ ዲጂታል ከመለወጣቸው በፊት በዚሁ መንገድ ያወርዱታል።

በ1922 ጆን ካርሰን የድግግሞሽ ሞጁሌሽን የሚያስገኘው ጥቅም እንደሌለ በሒሳብ ተንትኖ ደምድሞ ነበር። የካርሰን ትንተና ባንድን ለማጥበብ ከነበረው ፍላጎት የተነሣ ነው፤ አርምስትሮንግ በተቃራኒው ባንዱን አሰፋው፣ የሬዲዮ ረብሻም በእጅጉ ቀነሰ። የኤፍኤም ፓተንቶቹን በታኅሣሥ 1933 አገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሠራዊቱ ያለክፍያ እንዲገለገልባቸው ፈቀደ፤ ወታደሮች በጀርባቸው የሚያዝሉት ኤስሲአር-300 የሚሠራው በኤፍኤም ነበር።

በ1945 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የኤፍኤም ሥርጭትን ከ42–50 ሜጋኸርዝ ወደ 88–108 ሜጋኸርዝ አዛወረ። ቀድሞ የተሸጡት ተቀባዮች ከጥቅም ውጪ ሆኑ፤ የሚቀበሉትን ባንድ የወሰነው በውስጣቸው የተሸጠው መጠምጠሚያና ካፓሲተር ነበርና። ዛሬ ቢሆን አንቴናውና የፊተኛው ክፍል ሁለቱንም ባንዶች እስከሸፈኑ ድረስ ለውጡ የአንድ ቁጥር ማስተካከያ በሆነ ነበር። ለአርምስትሮንግ ግን የዓመታት ድካምና የገንዘቡ ትልቅ ድርሻ በአንድ ውሳኔ ወደኋላ የተመለሰበት ጊዜ ነው።

በ1948 ፓተንቶቹን ያለፈቃድ ተጠቅሟል በሚል አርሲኤን ከሰሰ። ክርክሩ ተራዘመ፤ ፓተንቶቹ በ1950 ጊዜያቸው አበቃ፤ ሀብቱም ጤናውም ተሟጠጠ። ጥር 31 ቀን 1954 ሌሊት በኒውዮርክ ራሱን አጠፋ። ባለቤቱ ማሪዮን በዚያው ዓመት ከአርሲኤ ጋር በስምምነት ጨርሳ በሌሎቹ አምራቾች ላይ ክርክሩን ቀጠለች። የመጨረሻው፣ በሞቶሮላ ላይ የቀረበው ክስ፣ በ1967 በእርሷ አሸናፊነት ተዘጋ።