የአሜሪካኖችን እጅ ያቀናው መምህር

ወረቀት እንደ ዛሬ ባልረከሰበት ዘመን አንድ ድኻ ልጅ በበረዶ፤ በአሸዋና በዛፍ ልጥ ላይ ፊደል ይስል ነበር። ይህ ልጅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1800 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት የተወለደው ፕላት ሮጀርስ ስፔንሰር ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት ቤተሰቡ በ1810 ዓ.ም. ገና ጫካ ወደ ነበረው ወደ ኦሃዮ ተሰደደ።

በዚያ ጊዜ የጽሕፈት መኪና አልነበረም። የነጋዴው ሒሳብ፤ የዳኛው ፍርድና የቢሮው ደብዳቤ ሁሉ በእጅ ስለሚጻፍ፤ እጁ ያማረለት ወጣት እንጀራ አያጣም ነበር። ስፔንሰርም ከሐይቅ ዳር ጠጠር ክብነትና ከማዕበል መታጠፍ ሐሳብ ወስዶ፤ ፊደል ከፊደል እየተያያዘ የሚሄድበትን ዘንበል ያለ ጽሕፈት አወጣ። የእኛ ፊደል አንዱ ካንዱ ተለይቶ የሚቆም ስለ ሆነ፤ እንዲህ ያለውን ተቀጣጣይ ጽሕፈት የምናውቀው ከእንግሊዝኛ ደብተራችን ነው።

ኑሮው ግን እንደ ጽሕፈቱ የተስተካከለ አልነበረም። በወጣትነቱ መጠጥ አሸንፎት ነበር። ኋላ ፈጽሞ ተወውና የመጠጥ ተቃዋሚ ሆነ፤ የአሽታቡላ አውራጃ ሕዝብም አምኖት 12 ዓመት ገንዘብ ያዥ አደረገው። ለእኔ ከፊደሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ትናንት ሰካራም ለነበረ ሰው የግምጃ ቤት ቁልፍ የሚሰጥ አገር ብዙ አይደለምና። በኦሃዮ ጄኔቫ በተባለች መንደርም በግንድ በተሠራች ጎጆ ያስተምር ነበር። በ1848 ዓ.ም. ከቪክቶር ራይስ ጋር ሆኖ መማሪያውን አሳተመ፤ በ1864 ዓ.ም. ሞተ። ልጆቹ ሥራውን ስለ ቀጠሉ ጽሕፈቱ በየትምህርት ቤቱና በየንግድ ኮሌጁ ተዳረሰ። በ1886 ዓ.ም. ፍራንክ ሮቢንሰን የተባለ ሒሳብ ያዥ ኮካ ኮላ የሚለውን ስም የጻፈው በዚሁ ስልት ነው።

ሆኖም ስፔንሰር በሞተ በ10 ዓመቱ የሬሚንግተን ፋብሪካ የጽሕፈት መኪና ለገበያ አውጥቶ ነበር። ቀጥሎ ፓልመር የተባለው መምህር ጌጡን የቀነሰ ፈጣን ጽሕፈት አመጣና የስፔንሰርን ከየክፍሉ አስወጣው። ኮምፒዩተር ሲመጣ ደግሞ የተቀጣጣይ ጽሕፈት ሁሉ ተራ ደረሰ። በ2010 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የተቀበሉት የትምህርት መመዘኛ፤ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መጻፍ እንዲችሉ ሲጠይቅ ስለ ተቀጣጣይ ጽሕፈት ምንም አላነሣም። ስለዚህ አያቱ የጻፈችውን ደብዳቤ ይዞ የሚያነብለት ሰው የሚፈልግ ተማሪ ተገኘ። ነገሩ ያሳሰባቸው አንዳንድ ግዛቶች ተመልሰውበታል፤ ካሊፎርኒያ ከ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ተቀጣጣይ ጽሕፈት እንዲማሩ በሕግ አዛለች።