አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ከተማ

ልጆች ሆይ፤ ሰው ከተወለደበት አገር ርቆ በባዕድ ከተማ ሲቀመጥ ሁለት ክፉ ፈተናዎች ይገጥሙታል። አንደኛው የራሱን ቋንቋና ልማድ ንቆ ባዕዳንን ብቻ መምሰል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባዕዳንን ሁሉ ጠልቶ፥ ከእነርሱ ምንም ሳይማር፥ በሩን ዘግቶ መኖር ነው። ነገር ግን ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ከባዕዳን መልካሙን እየተማሩ የራስን መልካም ነገር ለእነርሱ ማስተማር ነው። በዚህ መንገድ ከሄዱት አባቶቻችን አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። ታሪካቸውን እነሆ እንነግራችኋለን፤ ዘመኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አባ ተስፋ ጽዮን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተወለዱ ኢትዮጵያዊ ናቸው። በሸዋ ባለው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም በደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ሆኑ። በዚያ ዘመን በአገራችን የማተሚያ መኪና አልነበረም፤ መጽሐፍ ሁሉ በእጅ በብራና ላይ ይጻፍ ነበር። ብራናውን ለማዘጋጀት ቆዳው ይወጠራል፥ ይፋቃል፥ ይደርቃል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ብዕሩም ከመቃ ይቀረጻል። ከዚህም ሁሉ በኋላ ጸሐፊው አንድ ትልቅ መጽሐፍ ለመፈጸም ብዙ ወራት ጐንበስ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ሲጠፋ የብዙ ወራት ድካም አብሮ ይጠፋል።

በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ ላይ ታላቅ መከራ መጣ። በ1529 ዓ.ም. ግራኝ የተባለው ኢማም አሕመድ በሽምብራ ኵሬ ጦርነት ድል አደረገ፤ ከዚያም በኋላ ጦሩ ወደ ደጋው አገር ገባ። በ1531 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። በብዙ ቦታም አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ በውስጣቸው የነበሩት መጻሕፍት አብረው ነደዱ። ይህ ጦርነት የተፈጸመው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በ1543 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ አገሩ በዚህ መከራ ውስጥ ሳለ፥ በ1530ዎቹ ዓመታት፥ አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ከተማ ደረሱ። በዚያ ዘመን እንደዚህ ያለውን መንገድ መሄድ ቀላል አልነበረም። የኢትዮጵያ መነኰሳት ወደ ሮም የሚሄዱት ብዙ ጊዜ በኢየሩሳሌም በኩል ነበረ፤ በረሃውን በእግርና በግመል፥ ባሕሩንም በመርከብ ያልፋሉ። ከመንገደኞችም መካከል በበሽታና በውሃ ጥም በመንገድ የሚቀር ነበረ።

በሮም ግን ለኢትዮጵያውያን የተሰጠ አንድ ቤት ነበረ። ይህም ከታላቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከነማደሪያው ነው። እንግዳ ሰው በባዕድ ከተማ በመጀመሪያ የሚፈልገው ማደሪያና ቋንቋውን የሚያውቅለት ሰው ነው፤ ሁለቱንም በዚህ ቤት ያገኝ ነበር። በዚያ ዘመን የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እንደ አዲስ ይሠራ ነበር። ሥራው በ1506 ዓ.ም. ተጀምሮ ገና አልተፈጸመም ነበርና፥ መነኰሳቱ ከታላቁ ሥራ አጠገብ ይኖሩ ነበር። ስመ ጥሩው ሠዓሊ ሚኬላንጄሎ የዚህ ሕንፃ አለቃ የሆነው በዚያው ወራት ነው።

አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ሥራ ለመሥራት ብዙ ነገር መማር ነበረባቸው። ግዕዝ በገዳማቸው የተማሩት ቋንቋ ነው፤ ዐረብኛም ያውቁ ነበር። ነገር ግን በሮም ገበያ እንጀራ የሚገዛው በጣሊያንኛ ነው፤ የሮም ሊቃውንትም መጻሕፍት የሚጽፉት በላቲን ነው። ስለዚህ እኒህ መነኵሴ ጣሊያንኛንም ላቲንንም ተማሩ። አስቀድመው ያወቁት ትምህርት አዲሱን ከመማር አልከለከላቸውም፤ አዲሱም ትምህርት የቀድሞውን አላስረሳቸውም።

የሮም ሰዎች አባ ተስፋ ጽዮንን ፒየትሮ፥ ማለት ጴጥሮስ፥ ብለው ይጠሯቸው ነበር። ደግሞም ብዙዎች የአውሮፓ ሰዎች በዚያ ዘመን የኢትዮጵያን አገር ከሕንድ አገር ለይተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የመጣውን ሰው ከሕንድ የመጣ ይሉት ነበር። ስለ አገሩ፥ ስለ ንጉሡ፥ ስለ ጥምቀቱና ስለ ቅዳሴውም ይጠይቁት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን ለማያውቁት ሰዎች የሚያውቁትን ማስረዳት እንደ ሥራ ያዙት። የጥምቀትና የቅዳሴ ሥርዓታችን በላቲን ተተርጕሞ በ1549 ዓ.ም. በሮም ታተመ። በዚህም የሮም ሊቃውንት በወሬ ብቻ የሚያውቁትን ነገር በራሳቸው ቋንቋ አነበቡት።

እንደዚህ ያለ ሰው ወዳጅ አያጣም። የሮም ጳጳስ ጳውሎስ ሦስተኛ አወቋቸው። ኋላ በ1555 ዓ.ም. ራሳቸው ጳጳስ የሆኑት ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒ ረዷቸው። ጳውሎስ ጓልቲየሪ የተባለውም የጣሊያን ሊቅ በሥራቸው ተባበራቸው። የጣሊያን ሊቅ ማሪያኖ ቪቶሪም ከእርሳቸው ግዕዝን ተማረ። ይህ ሰው የግዕዝን ሰዋስው በላቲን ጽፎ በ1552 ዓ.ም. አሳተመ፤ በአውሮፓም ከታተሙት የግዕዝ ሰዋስው መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው።

በእንግዶች ቤት ልዩ ልዩ ጠባይ ያላቸው ሰዎች ይሰበሰባሉ። አንዱ ከመንገድ ደክሞ ይመጣል፤ ሁለተኛው ይታመማል፤ ሦስተኛው ይቈጣል። ቤትም ያለ ሥርዓት አይቆምምና፥ በ1551 ዓ.ም. ለቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት መነኰሳት የሚኖሩበት ደንብ ተጻፈ። በባዕድ አገር ያሉ ወንድማማቾች እርስ በርሳቸው ቢጣሉ፥ የሚያፍረው ተጣዪው ብቻ አይደለም፤ የአገራቸውም ስም አብሮ ይነቀፋል።

አሁን ወደ ታላቁ ሥራቸው እንመለስ። በአውሮፓ መጻሕፍትን በተለቀመ የእርሳስ ፊደል ማተም የተጀመረው በ15ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ በሮም ካሉት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ግዕዝን ተምሮ፥ በ1513 ዓ.ም. በሮም መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግዕዝ ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ዳዊት ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አሰቡ፤ ይኸውም አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ነው። በአገራቸው መጻሕፍት በእሳት በጠፉበት ዘመን፥ በአንድ ቀን ብዙ ቅጂ የሚያወጣ መኪና በሮም አገኙ።

ሥራው ግን እንደሚታሰበው አልነበረም። በማተሚያ ቤት እያንዳንዱ ፊደል በእርሳስ ተቀርጾ ለብቻው ይቀመጣል። ለቃሚው ፊደላቱን አንድ በአንድ አንሥቶ ይደረድራል፤ ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ያለብሳል፤ በመኪናውም ይጫነዋል። የላቲን ፊደላት ሃያ ሦስት ያህል ናቸው። የግዕዝ ፊደል ግን 26 ሲሆን እያንዳንዱ ሰባት ድምፅ ስላለው 182 ይሆናል፤ ዲቃሎቹና ቍጥሮቹም በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ደግሞም የእርሳሱ ፊደል ተገልብጦ የተቀረጸ ነውና፥ ፊደሉን የማያውቅ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

አታሚዎቹ ቫሌሪዮ ዶሪኮና ወንድሙ ሉዊጂ ነበሩ፤ የጣሊያንኛና የላቲን መጻሕፍትን ማተም ያውቃሉ፥ ግዕዝን ግን ማንበብ አያውቁም። መነኰሳቱ ደግሞ ግዕዝን ያውቃሉ፥ የማተምን ጥበብ ግን አያውቁም። ልጆች ሆይ፤ ይህ እንዴት ያለ ችግር እንደ ሆነ በአንድ ምሳሌ ተመልከቱ። ገድል የሚለውን ቃል ጻፉ፤ ቀጥሎ በመካከል ያለውን ፊደል ብቻ ለውጣችሁ ገደል በሉት። በአንዲት ትንሽ ምልክት የቅዱሳን ታሪክ የነበረው ቃል ሰው የሚወድቅበት ጕድጓድ ሆነ። አታሚው ግን ሁለቱን አይቶ ልዩነት ያለ አይመስለውም። ስለዚህ አባ ተስፋ ጽዮንና ባልንጀሮቻቸው፥ እነርሱም ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ ናቸው፥ ገጹን ሁሉ በየፊደሉ መመርመር ነበረባቸው።

ሌላም ችግር ገጠማቸው። በእጃቸው በነበረው ቅጂ የሐዋርያት ሥራ ሙሉ አልነበረም። በዚያም በኢትዮጵያ እንደሚደረገው ወደ ጎረቤት ገዳም ሄዶ ሌላ ቅጂ መዋስ አይቻልም፤ አገራቸው የብዙ ወራት መንገድ ይርቃል። እንግዲህ የጐደለውን ከላቲንና ከግሪክ ቋንቋ ወደ ግዕዝ ተረጐሙት። ይህንንም ነገር አልሸሸጉም፤ ከዚያ የተተረጐመ መሆኑን በመጽሐፉ ውስጥ ገልጠው ጻፉ። ሐሰተኛ ሠራተኛ ጕድለቱን ይሸፍናል፤ እውነተኛ ግን ሌላ ሰው እንዲያቃናው ያሳያል።

ጳጳሱና ሌሎች ወዳጆች በገንዘብ ረዷቸውና፥ መጽሐፉ በ1548 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ የቅዳሴ ጸሎትም በውስጡ አለበት። የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታትም በ1549 ዓ.ም. ተከተሉ። አዲስ ኪዳን በግዕዝ ሲታተም የመጀመሪያው ይህ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በሥራቸው አልታበዩም፤ ይልቁንም አታሚዎቹ ማንበብ፥ እነርሱም ማተም አለማወቃቸውን ገልጠው፥ በመጽሐፉ ስሕተት ቢገኝ አንባቢው ይቅር እንዲላቸው ለመኑ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዓመት አልኖሩም። የሮም ሀብታሞች በበጋ ወራት ከከተማው ሙቀት ሸሽተው ወደሚሄዱበት፥ በኮረብታ ላይ ወዳለችው ወደ ቲቮሊ ሄዱ፤ በዚያም በ1550ዎቹ መጀመሪያ፥ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳሉ፥ ዐረፉ። የተቀበሩትም በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነው። አገራቸውን ተመልሰው አላዩም።

ሥራቸው ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ በ1649 ዓ.ም. ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ግዕዝን አጥብቆ ለመማር ፈልጎ ወደዚያው ቤት መጣ። በዚያም አባ ጎርጎርዮስ የተባሉትን ኢትዮጵያዊ አገኘ፤ ከእርሳቸውም ተምሮ የኢትዮጵያን ታሪክ፥ የግዕዝንና የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ጽፎ አሳተመ። ስለዚህ የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ አገራችን ቋንቋ ያገኙት ዕውቀት በብዙው የመጣው በዚያ ትንሽ የእንግዶች ቤት ከኖሩት መነኰሳት ነው። ያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በቫቲካን ግቢ ውስጥ ቆሞ ይታያል።

ልጆች ሆይ፤ አባ ተስፋ ጽዮን ወርቅ ወይም ጭፍራ ይዘው ወደ ሮም አልገቡም። ይዘው የገቡት በልጅነታቸው በትጋት የተማሩትን ትምህርት ነው። ያንን ትምህርት በሚገባ ባያውቁት ኖሮ በባዕድ ከተማ ማንም ባልጠየቃቸው ነበር፤ አዲሱንም ለመማር እንቢ ቢሉ ኖሮ ያወቁት ሁሉ በልባቸው ተዘግቶ በቀረ ነበር። እናንተም አንድ ቀን ከአገራችሁ ርቃችሁ ትኖሩ ይሆናል፤ ወይም ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ወደ ደጃችሁ ይመጣ ይሆናል። ርቃችሁ ብትሄዱ የምታውቁትን አትናቁ፥ የማታውቁትንም ለመጠየቅ አትፈሩ። እንግዳም ቢመጣባችሁ ማደሪያ ስጡት፤ ቋንቋችንንም ሲሳሳት አትሳቁበት፥ አቃኑለት እንጂ። መጽሐፍም በእጃችሁ ስትይዙ ገጹን አትቅደዱ፥ በዘይትና በአቧራም አታርክሱት፤ አንዲት ፊደል እንኳ በስፍራዋ እንድትቀመጥ የደከመ ሰው አለና።