ለልብስ ሰፊው አልጀብራ ያስተማረ ሊቅ

ባለፈው የማስተማር ልምምዳችን ብዙዎቻችንን ያደናቀፈችን አንዲት ነገር ነበረች። ከ3 ላይ 8 ሲቀነስ ኔጋቲቭ 5 ይሆናል ብለን ሰሌዳው ላይ ጻፍን፤ ተማሪዎቹም ገለበጡ። ከዜሮ ያነሰ ነገር እንዴት ይኖራል ብለው ሲጠይቁን ግን ጠመኔያችንን ይዘን ቀረን። ለዚህ ነው ዛሬ የሌዎናርድ ኦይለርን ሕይወት ይዘን የቀረብነው።

ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1707 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ተወለደ። ሒሳብን ያስጀመሩት አባቱ ናቸው። ከዚያ ስመ ጥሩው የሒሳብ ሊቅ ዮሐን በርኑሊ ዘንድ ሄዶ በግል እንዲያስተምሩት ቢጠይቅ፣ ጊዜ የለኝም አሉት። ነገር ግን ከባድ ከባድ መጻሕፍት ራሱ እንዲያነብ፣ ያልገባውን ብቻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዞ እንዲመጣ ፈቀዱለት። አንዱ ችግር ሲፈታለት ሌሎቹ በራሳቸው ይፈቱለት ነበር። (እኛ አንዱ ሲፈታልን ሌላ ዐሥር ይወለድብናል!)

በሴንት ፒተርስበርግና በበርሊን ሠራ። ፋንክሽንን ኤፍ ኦፍ ኤክስ ብለን የምንጽፈው ከእሱ ወርሰን ነው። ስለ ካልኩለስም ትልልቅ መጻሕፍት ጽፏል።

በ1738 የቀኝ ዓይኑ ጠፋ። በ1766 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ግራውን የዓይን ሞራ ጋረደው። ታዲያ ምን አደረገ? ከበርሊን ይዞት የመጣው አንድ ወጣት አገልጋይ ነበረው፤ ሙያው ልብስ ስፌት፣ የሚያውቀውም ተራ ስሌት ብቻ። ኦይለር የአልጀብራ መጽሐፉን በቃል እየነገረ ያስጻፈው ይህንን ልጅ ነው። መጽሐፉም በ1770 በጀርመንኛ ታተመ።

እኛን ያደናቀፈችን ነገር እዚያ ውስጥ አለች። ባዶ እጁን የሆነና የ50 ዕዳ ያለበት ሰው፣ ያለው ከምንም በ50 ያነሰ ነው። 50 ቢሰጡት ዕዳውን ይከፍልና ገና ዜሮ ላይ ይደርሳል። አለቀ! ዕዳን የማያውቅ ተማሪ የት አለ? ይህን ብናውቅ ኖሮ ያን ቀን ላብ በላብ ባልሆንን ነበር።

ልብስ ሰፊውም እየጻፈ ሁሉም ነገር ገባው፤ በመጨረሻ ከባድ የአልጀብራ ጥያቄዎችን ያለ ረዳት ይፈታ ጀመር። ስሙን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ኦይለር ያረፈው እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 1783 ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ለልጅ ልጁ የሒሳብ ትምህርት ሰጥቶ ነበር።